አፈርም መጽሐፍ ነው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው የድንጋይ ግንብና የነገሥታትን ስም ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ አንድ የአፈር ክምር ልንነግራችሁ እንወዳለን።

የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ ሹማምንቱ በየቦታው ምሽግ ሠሩ። አሠራሩም እንዲህ ነበር። ዙሪያውን ጉድባ ይቆፈራል፤ ከጉድባው የወጣው አፈር ተከምሮ ጉብታ ይሆናል፤ በጉብታው ራስ ላይ የእንጨት ማማ ይቆማል። ከሥሩም አዳራሽና ጋጣ ያለበት፣ በአፈር ክምርና በእንጨት አጥር የተከበበ ግቢ ይደረጋል። የእንጨት ሥራ ከድንጋይ ይልቅ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ በሰው አገር ለገባ አዲስ ገዥ የተመቸ ነበር።

ከነዚህ ምሽጎች አንዱ በዌልስ፣ በሞንጎመሪ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ስሙ ሄን ዶመን ይባላል፤ በዌልስ ቋንቋ «አሮጌ ጉብታ» ማለት ነው። ያሠራው የሽሩዝበሪ ገዥ የነበረው ሮጀር ሲሆን፣ የሰቨርንን ወንዝ መሻገሪያ ይጠብቅ ነበር። በ1223 ዓ.ም. በአቅራቢያው የድንጋይ ግንብ መሠራት ስለ ጀመረ የአሮጌው ክብር እየቀነሰ ሄደ፤ እንጨቱም በሰበሰ። ዛሬ የሚታየው የአፈር ክምርና ጉድባ ብቻ ነው።

ሆኖም ከ1960 እስከ 1992 ዓ.ም. ፊሊፕ ባርከርና ባልደረቦቹ የግቢውን አፈር በትዕግሥት እየገለጡ መረመሩ። እንጨቱ ቢጠፋም ምሰሶ የቆመበት ጉድጓድ ከአፈሩ ቀለም ይታወቃል። በዚህም ምልክት ቤቶቹ እየፈረሱ ደጋግመው እንደ ተሠሩ ዐወቁ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከምሽጉ ሥር የተገኘው ነው፤ ይኸውም ኖርማኖች ከመምጣታቸው በፊት የታረሰ የእርሻ ትልም ነው።

የገዥው ስም በ1086 ዓ.ም. በተጻፈው የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ይገኛል፤ የገበሬውን ስም ግን ማንም አያውቅም። ቢሆንም ለገዥው ክብር የተከመረው አፈር የገበሬውን ሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ሸፍኖ አቆየለት።

የፈረሰ ግንብ ድንጋዩ ተለቅሞ ሊካብ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተደለደለ አፈር ግን ጽሕፈቱ እንደ ተፋቀ ብራና ነው። ስለዚህ ውድ ጓደኞቻችን፣ ጉብታ ስናይ «አፈር ነው» ብለን አንለፈው፤ ዶማ ከማንሣታችንም አስቀድመን አዋቂ እንጠይቅ።