ፌስታሉ ከበሬው ሆድ ሲወጣ
(በራዲዮ ከቀረበ ዝግጅት የተወሰደ)

የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችን ከዲን ጉዳይ የማንቆጥረው ነው። የምንነጋገረው ስለ ፌስታል ነው።

ባለፈው ዐረፋ ዘመድ ለመጠየቅ ከባሕር ዳር ተነሥተን በሐሙሲት በኩል ወደ አንበሳሜ ሄደን ነበር። በደረስንበት ቤት ለኡድሒያ በሬ ታርዶ ሥጋው ይመደባል። ጨጓራው ሲከፈት ግን ሁላችንም ዝም አልን። ከሣር ጋር ተገምዶ የጠጠረ የፌስታል ክምር ነበረበት። ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ የጨው መቋጠሪያው ሳይቀር ይለያል። በሬው ከውጭ ሲታይ እንከን አልነበረበትም፤ ለኡድሒያ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። አራጁ ግን ብዙም አልደነቀውም። ከከተማ ዳር በሚውሉ ከብቶች ሆድ ውስጥ ደጋግሞ እንዳየው ነገረን።

ከብት ፌስታል የሚበላው የምግብ ሽታና ጨው ስለሚያገኝበት ነው። አንዴ ከገባ አይፈጭም፤ በቀላሉም አይወጣም። ጨጓራውን ይዞ ስለሚቀመጥ ከብቱ የጠገበ እየመሰለው ይከሳል። ላም ከሆነች ወተቷ ይጎድላል፤ ሲብስም ትሞታለች። ሀብቱ አንድ ጥማድ በሬ ለሆነ የደራ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻንም።

ይበልጥ የከነከነን ግን ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው። የዚያኑ በሬ ሥጋ ለጎረቤትና ለሚስኪን ስናከፋፍል የቋጠርነው በፌስታል ነበር! ደም የነካው ፌስታል በማግስቱ አጥር ሥር ወድቆ ሌላ ከብት ሲልሰው አየን። ከከብት የተረፈውን ደግሞ የክረምት ጎርፍ ይወስደዋል። ከደራ የሚወርደው ውኃ መድረሻው ጣና ወይም ዐባይ ነው፤ ጣናም በእንቦጭ መቸገሩ ሳያንሰው።

ውድ አድማጮቻችን፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ክስተት እናስታውስ። ለእናታችን ለመይሙና ነፃ የወጣች አገልጋይ በሰደቃ የተሰጠች በግ ሞታ ተጥላ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያልፉ አይተው ቆዳዋን አልፍተው ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቁ። የሞተች በመሆኗ እንደሆነ ሲነገራቸው፣ እርም የሆነው መብላቷ ብቻ መሆኑን አስረዱ። ልብ በሉ! ሰው ሁሉ ጥሎት ባለፈው ነገር ላይ ቆመው ጠቀሜታውን ፈለጉ። ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውንም ይጥፉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። እኛ ዘንድ ኢስራፍ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ድግስ ነው። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት አንድ፣ ለሩብ ኪሎ በርበሬ አንድ፣ ሁለቱን ለመያዝ ደግሞ ሌላ ኩርቱ ፌስታል ይዘን መግባታችን ግን ከብክነት አይቆጠርልንም።

ደግሞም ዕቃን እስከ መጨረሻው መጠቀም ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ገበያ በዘንቢል ይኬድ ነበር፤ ዳቦ በኮባ ቅጠል ይጋገራል፤ የመንገድ ስንቅ በአገልግል ይያዛል። ዛሬም ማዳበሪያ ስንል ብዙ ጊዜ ጆንያውን ማለታችን ነው፤ የአፈር ማዳበሪያው ካለቀ በኋላ እህል ሲቋጠርበት ስሙ እዚያው ቀረ። የታሸገ ውኃ ጠርሙስንም በአንድ የውኃ ምርት ስም ሃይላንድ ብለን ዘይትም ማርም እንይዝበታለን። የማይፈለገውን ቁራሌው ይወስደዋል። ፌስታል ብቻ ነው ሁሉም እጅ ነሥቶት ሜዳ ላይ የቀረው። ስስ ነው፤ ይቀደዳል፤ ቁራሌውም አይገዛው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሁሉም ዕቃ ደግሞ ለአገልግሎት አይውልም። የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃ፣ ለወተት፣ ለጠላም ሆነ ለቅቤ አይሆንም። በሳሙና ታጥቦ ሽታው ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። በስቶ ከአገልግሎት ማውጣት ይሻላል፤ የባከነ መስሎ አይታየን። ትኩስ ሽሮ በፌስታል መያዝና ከሰል በፌስታል ማቀጣጠልም መቅረት አለበት። ጭሱን የሚስበው ምድጃው አጠገብ ያለው ሕፃን ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ገበያ ላይ ሳይታይ ዓመታት አለፉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታልን ማምረት፣ ማስገባትና መሸጥ ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ባንግላዴሽ ፌስታል የውኃ መውረጃዎቿን ደፍኖ ጎርፍ ሲያባብስባት ገና በ2002 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች፤ ኬንያም በ2017 እ.ኤ.አ. እንዲሁ አድርጋለች። በእኛ እምነት ቅጣቱ ብቻውን አይበቃም። ፌስታል የሚቀረው በሱቁ ደጃፍ ነው፤ ገዢው ዘንቢሉን ከዘረጋ ባለሱቁ የሚቋጥርበት ምክንያት የለውም።

ወደ አንበሳሜው ቤት እንመለስና፣ ስለ ሥጋው ማከፋፈያ ስንወያይ «የሚቀበለው ሰው ሳህን ይዞ ይምጣ» አልን። የቤቱ ባለቤት፣ ትልቅ እናት ናቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጆቼ፣ ሚስኪን ሳህን ይዞ በሰው ደጅ ቢሰለፍ አያፍርም? ጥቁሩ ፌስታል እኮ ገበናውን ይሸፍንለት ነበር» አሉን።

እውነታቸውን ነው፤ ይህን አላሰብንም ነበር። መላውንም ያመጡት እርሳቸው ናቸው። ሥጋው ከቤቱ በራሱ ክዳን ባለው ሳህን ወጥቶ፣ በልጆች እጅ እስከ ተቀባዩ ቤት ይድረስ፤ ሳህኑም በሌላ ቀን ይመለስ። እንዲህ ከሆነ ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ አላፊ አግዳሚው አያውቅም። ጎረቤት ለጎረቤት ወጥ ሲልክ ድሮም እንዲሁ ነበር። ለመጪው ዐረፋ የቤቱ ልጆች ከየዘመዱ ክዳን ያላቸውን ሳህኖች እንዲያሰባስቡ ተስማማን።

ለእኛ የደረሰን ሥጋም ባሕር ዳር የገባው በእርሳቸው ድስት ነው። ድስቱ እስካሁን እኛው ጋር አለ፤ ባዶውን ላለመመለስ ቡና ገዝተንለታል፤ አንበሳሜ የሚወርድ ሰው እየጠበቅን ነው።