ሲኒው ምን አጠፋ?

(በአጋሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ከጥያቄ ሳጥናችሁ ስም የሌለው ወረቀት አወጣሁ። «ኤች አይ ቪ በምራቅ ይመረመራል ብላችሁናል። ምራቅ ውስጥ ካለማ በሲኒም ይተላለፋላ! ጎረቤቶቻችን ይህን ሰምተው ለአክስቴ ቡና በተለየ ሲኒ መቅዳት ጀምረዋል» ይላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። ትምህርታችን ያላሰብነውን አስከተለ። በእኛ አካባቢ ቡና የሚጠጣው ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ አብሮ ተቀምጦ ነው። ሲኒው የተለየበት ሰው ከጉርብትናው ወጣ ማለት ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። መመርመሪያው ቫይረሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው፤ ያውም ትፍ ከምንለው ምራቅ ሳይሆን ከድድ አካባቢ ከሚገኘው ፈሳሽ። ሌሊት ውሻ ሲጮህ ሌባ መምጣቱን እንጠረጥራለን፤ ጩኸቱ ግን የማንንም ዶሮ አይሰርቅም። ኤች አይ ቪ በሲኒ፣ በጉርሻ፣ በሰላምታ መሳሳም አይተላለፍም።

ታዲያ መመርመሪያው ለምን አስፈለገ? በትንሽ ከተማ ምርመራ ክፍል በር ላይ የታየ ሰው፣ ወሬው ቀድሞት ቤቱ ይገባል። ይህ ግን በገዛ ቤት ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ራስን በራስ መመርመርን መክሯል። የመመርመሪያው ጫፍ የላይኛውንና የታችኛውን ድድ አንድ አንድ ጊዜ ይታበስበታል፤ ከዚያም ፈሳሹ ውስጥ ይቆማል። ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ 40 ሳይሞላ ይነበባል። ከምርመራው በፊት ለ15 ደቂቃ መብላትና መጠጣት አይፈቀድም። (የጅማ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ሲኒ ከእጁ አይለይማ!)

ሁለት መስመር ቢወጣ የመጨረሻ ውጤት አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ በደም ምርመራ ማረጋገጥ ይገባል። ኔጌቲቭ የሆነም ሰው ባለፉት ሦስት ወራት ተጋልጦ ከነበረ እንደገና ይመርመር፤ አንቲቦዲው ገና አልደረሰ ይሆናል።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ ሌላም ጥያቄ ነበር፤ «አክስቴ መዳኗን በዚሁ ትይ?» የሚል። አይሆንም። መድኃኒት የጀመረ ሰው በዚህ ቢመረመር በስህተት ኔጌቲቭ ሊያሳየው ይችላል፤ ተሳስቶ መድኃኒቱን ቢያቆም ደግሞ ይጎዳል። መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ሲለካ ነው።

ወረቀቱን የጻፍከው ወይም የጻፍሽው፣ አክስትየው ከፈቀዱ አንድ ቀን ቡና ላይ ልምጣ። ለጎረቤቶቹ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ለእኔም በእሳቸው ሲኒ ይቀዳልኝ።