የበርበሬው ገንዘብና የጌም ኮምፒውተሩ፦ በአነስተኛ በጀት የኮምፒውተር ክፍሎችን ስለ መምረጥ



የዛሬው ርእስ ሲገለጽ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የጨዋታ ኮምፒውተር ለሕዝብ ንግግር የሚበቃ ጉዳይ ነውን? እኔን ለዚህ ርእስ ያበቃኝ ግን አንድ ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

ያደግሁት በቡሬ አካባቢ ገጠር ነው። ታናሽ ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ሲማር ኪሱ የገባችው ሳንቲም ሁሉ ጌም ቤት ትቀር ነበር። አባታችን የዓመቱን በርበሬ ሸጡና ገንዘቡን ለእኔ ሰጥተው፣ «አንተ የተማርህ ነህና፣ ለጨዋታውም ለሥራውም የሚሆነውን ምረጥለት» አሉኝ። እኔም ከግማሽ በላዩን ለግራፊክስ ካርድ አዋልሁት፤ ፓወር ሰፕላዩን በተረፈው ገዛሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ በጣደበት አንድ ምሽት መብራቱ ደብዘዝ አለና ጠፋ፤ ሲመለስ በኃይል ተመለሰ። ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ጠፋ። አባቴ አልተቆጡኝም። «ለመሆኑ ይህ የተቃጠለው ስንት ኩንታል ኖሯል?» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ጥያቄ የተማርሁት የመጀመሪያው ነገር ምርጫ ከግድግዳው ሶኬት መጀመር እንዳለበት ነው። የአገራችን መስመር በስሙ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ እኔ ዛሬ የምመርጠው ኮምፒውተር ግን በሙሉ ጨዋታ ላይ ሳለ እንኳ 200 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ መስመሩን አያስጨንቅም፤ መስመሩ ግን እርሱን ያስጨንቀዋል። በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበለው፣ ከ200 በታች ከማይሠራው ይልቅ የምሽቱን መውረድ ይችላል። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው አሮጌ ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ 115 ላይ ሳለ ከሰካችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ዩፒኤስም ጨምሩ፤ ነገር ግን 650 ቪኤ የተባለው 650 ዋት እንደማይሸከም አትርሱ። ጥቅሙ ሥራን አስቀምጦ በሰላም ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ መስጠቱ ነው።

ሁለተኛው፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ አለመግዛት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንገዛው ክፍል ሁሉ በዶላር የመጣ ነውና «ካርዱን ነገ እገዛለሁ» የሚል ሰው ነገው ሊርቅበት ይችላል። እንግዲያው ኮምፒውተሩ ያለ ካርዱም የሚሠራ መሆን አለበት። ራይዘን 5 5600ጂ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ 6 ኮር አለው፣ በ65 ዋት ደረጃ የተሠራ ነው፣ ግራፊክሱም በውስጡ ነው። ይህ ግራፊክስ ከራሙ ስለሚበደር፣ ከአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ይልቅ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራም ይሻለዋል፤ መንገዱ ሁለት ይሆንለታልና። ገንዘብ ሲገኝ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ካርድ ይጨመራል፤ ደረጃው 75 ዋት ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ዓይነቶች ኃይላቸውን ያለ ተጨማሪ ገመድ ከማዘርቦርዱ ይወስዳሉ።

ሦስተኛው፣ ያገለገለ ዕቃን በንቀትም በጉጉትም አለመመልከት ነው። ከቢሮ የወጣ ኮምፒውተር ርካሽና ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ሳጥኑ ጠባብ ከሆነ ግን አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላል፣ ፓወር ሰፕላዩም ብዙ ጊዜ የራሱ ቅርጽ ስላለው በሌላ አይተካም። ካርድን በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም የአሠራር ሥርዓቱን ሲለውጥ፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ እጅግ ብዙ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ፈሰሱ። ስለዚህ ካርዱ ከባድ ጨዋታ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ሳታዩ፣ የማራገቢያውንም ድምፅ ሳትሰሙ ገንዘብ አትክፈሉ።

ለወንድሜ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ከደመወዜ ገዛሁለት፤ በዚህ ሥርዓት መረጥሁ፤ ካርድ የለውም። ማታ የእግር ኳስ ጨዋታውን ሥዕሉን ዝቅ አድርጎ ይጫወታል፤ ቀን የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብርበታል። ባለፈው ዓመት ለአባታችን ማዳበሪያ የገዛው እርሱ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ የክፍሎችን ፍጥነት የሚያወዳድር ሠንጠረዥ በየቦታው ታገኛላችሁ። ሠንጠረዦቹ የተሠሩት ግን መብራት በማይዋዥቅበት፣ የተበላሸውም በቀላሉ በሚተካበት አገር ነው። እናንተ ሌላ ዓምድ ጨምሩበት፦ ይህ ክፍል ቢቃጠል ስንት ኩንታል ነው? እኔ ያን ጥያቄ የሰማሁት ከግዢው በኋላ ነው፤ እናንተ ከግዢው በፊት ጠይቁት።