የቅርጫችን ጉበትና የሰፈራችን ውሾች
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የዕድሩ ጤና ኮሚቴ አባላት ጥቂት ደቂቃ ስለተፈቀደልን በቅድሚያ እናመሰግናለን። የዕድራችን ዋና ሥራ መቅበርና ማስተዛዘን መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁንና ድንኳን ከመተከሉ በፊት ሊደረግ የሚቻል ነገር ካለ እሱንም መነጋገር ከዕድር ወግ የወጣ አይመስለንም።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ፋሲካ ካረድነው የቅርጫ በሬ ነው። ሆዱ ሲከፈት ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠሩ፣ ነጣ ያሉ፣ ሎሚ የሚያካክሉ ፊኛዎች ተገኙ። «ይኼማ አይበላም» ተባለና ተቆርጦ ደጅ ለቆሙት ውሾች ተወረወረ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ከወርዋሪዎቹም መካከል እኛው ነበርንበት። ከሰዓት በኋላ ልጆቻችን ከነዚያው ውሾች ጋር ሲላፉ ዋሉ።

ለመሆኑ ያ ፊኛ ምንድን ነው? የአንድ ትል እጭ ነው። ትሉ በውሻ አንጀት የሚኖር የኮሶ ዘመድ ሲሆን ቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዕንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣሩን፣ አፈሩን፣ ውሃውንና የውሻውን ጠጉር ይበክላል። ከብት፣ በግና ፍየል ሲግጡ ይውጡታል፤ በጉበታቸውና በሳንባቸው ውስጥም ፊኛ ይሆናል። ውሻ ያንን በጥሬው ሲበላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትሉ በአንጀቱ አድጎ እንደገና ዕንቁላል ይጥላል። እንግዲህ ይህን ዙር የምናስቀጥለው እኛው በገዛ ቢላዋችን ነን።

ሰውም ዕንቁላሉን ባልታጠበ እጅ፣ ባልታጠበ አትክልት ወይም ባልፈላ ውሃ ይውጠዋል። ከ10 ሕመምተኞች በ7ቱ ገደማ ፊኛው የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው፤ ቀጥሎ ሳንባ ላይ። በዝግታ ስለሚያድግ ለብዙ ዓመታት ሕመም ላይሰማ ይችላል። በልጅነቱ የዋጠው ሰው ካደገ በኋላ ቀኝ ጎኑን፣ ከጎድኑ ሥር ይከብደዋል፣ ያመዋል፤ አንዳንዱም ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ፊኛው በድንገት ከፈነዳ ሰውነት በኃይል ተቆጥቶ ሰውየው ወዲያው ሊሞት ይችላል። ስለሆነም ሆዱ ያበጠን ሰው ማሳሸት አደገኛ ነው፤ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይገባል። በሽታው በአልትራሳውንድ ይታያል፤ እንደ ሁኔታው በአልቤንዳዞል፣ በመርፌ በመምጠጥ ወይም በቀዶ ሕክምና ይታከማል።

ብዙዎቻችን «ከጥሬ ሥጋ ነው» እንላለን። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ይመጣል፤ ይኼኛው ግን ከውሻ በሚወጣ ዕንቁላል ነው። «እኔ ጥሬ ሥጋ አልበላም» የሚል ሰውም አያመልጥም ማለት ነው።

ማጥፋት ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ አይስላንድ የምትባለውን አገር እንመልከት። በ1863 እ.ኤ.አ. ክራቤ የተባለ የዴንማርክ የእንስሳት ሐኪም ወደዚያ ሄዶ 100 ውሾች ቢመረምር 28ቱ ትሉ ተገኘባቸው። በጊዜው የአገሩ ሰው በዚህ በሽታ ክፉኛ ይሠቃይ ነበር። ሐኪሙ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ለየቤቱ በነፃ ታደለ፤ ሕዝቡም የታመመውን ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት ተወ፤ ኋላም ውሾቹ መድኃኒት እንዲሰጣቸው ሕግ ወጣ። በሽታው ከዚያ አገር ጠፋ። ለውጡ የተጀመረው በየቤቱ በተነበበ ጽሑፍ ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ ፊኛ ያለበት ጉበትም ሆነ ሳንባ ለውሻ አይሰጥ። ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

2ኛ/ ደህና የሚመስለውም ሆድ ዕቃ ለውሻ ከመሰጠቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይቀቀል።

3ኛ/ ውሻ ያለው አባል በየሦስት ወሩ ከእንስሳት ሐኪም ፕራዚኳንቴል ያሰጠው።

4ኛ/ ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላና ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አካፋና ዶማ እንደሆነ ዕድራችን ሞልቶታል። ከመጪው በዓል ጀምሮ በየቅርጫው ቦታ ከእርዱ በፊት ጉድጓድ እንዲቆፈርና አንድ ኃላፊ እንዲመደብ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስንልን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ በሬው ጉበት ላይ ያየነውን ነገ በልጆቻችን ላይ እንዳናየው።