ካርታ አዳዩም ተጫዋች ሲሆን

(ጸሐፊው በአንድ የታክሲ አሽከርካሪዎች ዕቁብ መዝጊያ ዕለት ያደረገው ንግግር ነው።)



ሰብሳቢያችን «ስለ ነዳጅ ተናገር» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ስለ ነዳጅ ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል? እኔ እንደሆን አንዲት ያረጀች ዲኤክስ ይዤ ዜና የማሳድድ፣ ደሞዝ የሌለኝ ጋዜጠኛ ነኝ። እናም ከማውቀው ልጀምር... ከፖከር! አትሳቁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ፖከር እጫወት ነበር። አንድ ማታ የሳምንት የቤንዚን ገንዘቤን ይዤ ቁጭ አልኩ። አራት ልብ ሞልቶልኛል፤ አምስተኛው ከመጣ አሸናፊ ነኝ። የሚቀረው አንድ ካርታ ነው። መሐል ላይ 300 ብር ተከምሯል፤ ለመቀጠል 100 ብር አምጣ ተባልኩ። «ይመጣል፣ ልቤ ነግሮኛል!» ብዬ ከፈልኩ። አልመጣም።

በኋላ ሒሳብ የሚያውቅ ጓደኛዬ ወረቀት ላይ አስረዳኝ። ከ52ቱ ሁለት በእጄ፣ አራት ጠረጴዛው ላይ አይቻለሁ። ካላየኋቸው 46 ካርታዎች ልብ የሆኑት 9 ብቻ ናቸው። ይህንኑ 46 ጊዜ ብሞክረው፣ 9 ጊዜ ሦስት ሦስት መቶ፣ 2,700 ብር አገኛለሁ፤ 37 ጊዜ ደግሞ መቶ መቶ፣ 3,700 ብር አጣለሁ። ክስረት! መሐል ላይ ያለው 500 ብር ቢሆን ኖሮ ግን 4,500 ለ3,700 ይሆንና መክፈሉ ትክክል ነበር። ዕድሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። ለካ «ይመጣል ወይስ አይመጣም?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ቢመጣ ስንት አገኛለሁ? ባይመጣ ምን አጣለሁ?» ማለት ያስፈልጋል።

ወደ ነዳጁ ልመለስ። ድጎማው መነሳት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47.83 ብር ገባ። በመስከረም 2017 መጨረሻ 91.14፣ በዚያው ዓመት በገና ሰሞን 101.47!

ያን ጊዜ «ሊጨምር ነው» የሚል ወሬ ሰማሁና፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ 20 ሊትር በጀሪካን ከአልጋዬ ሥር ወሸቅኩ። እውነትም ጨመረ። ደስ አለኝ! ባለቤቴ ግን የከሰል ማንደጃዋን ይዛ ስትገባ ሽታው ሰነፈጣት። «አንተ ሰውዬ፣ ልጆቼን ልታቃጥል ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ሒሳቡን ሠራሁት፤ 20 ሊትር በ10 ብር ከ33 ሳንቲም፣ 206 ብር ከ60 ሳንቲም። ለዚች ስል ሁለት ልጆቼን አስይዤ ቁማር ተጫውቻለሁ! እሳት የመነሳቱ ዕድል ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ከተነሳ የሚበላው ግን ሁሉን ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይኸው አይደል?

ስለዚህ ቤት ውስጥ ነዳጅ አታስቀምጡ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ስትገዙ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ቢሆንስ ብላችሁ የሞተር ማስጠገኛውንም አስቡ። ሰልፍም ነፃ አይደለም፤ ቆማችሁ የቀረባችሁ ገቢ ዋጋ ነው። ታንከሩ ሩብ ሳይደርስ ቅዱ፤ ያኔ ሰልፉ ከረዘመ ትታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። በባዶ ታንከር የተሰለፈ ሰው ግን የመጨረሻ ብሩን እንደያዘ ቁማርተኛ ነው፤ ያሉትን ይከፍላል።

ግን ወገኖቼ፣ ሁሉን በአሽከርካሪው ብልሃት ላይ መጫን ግፍ ነው። ፖከር ላይ ስንት ካርታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ካልጣመኝም ጥዬ እነሳለሁ። ነዳጅ ላይ ግን ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። አዳዩም ተጫዋቹም እሱ! እኛ «አልጫወትም» ብለን አንነሳም፤ የልጆቻችን እንጀራ ከመሪው ጋር ታስሯል። የዓለም ገበያ እንደሚዋዥቅ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህም ብር በገበያ ይመራ ተብሎ እንደወደቀ እናውቃለን። የምንጠይቀው ስሌቱ አስቀድሞ በግልጽ ይነገረን ነው። በየካቲት 1966 የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። የንጉሡ መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። ካርታውን ደብቆ የሚያድል ይህን ቢያስታውስ ይበጀዋል።

ጀሪካኗን ባለቤቴ ለቆራሌው ሸጠቻት። በስንት እንደሸጠች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩ።