ሁለተኛውን ውሻ ከማምጣታችን በፊት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከዛሬው አጀንዳ ሦስተኛው የውሻ ጉዳይ ነው። «ለውሻ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ የሳቃችሁ ትኖራላችሁ። የማኅበሩን መዝገብ የምንይዘው እኛ ነንና፣ ወደ ግቢያችን የሚገባ ሁሉ ወጪና ኃላፊነት ይዞ እንደሚገባ እናውቃለን። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ታገሡን።

ያለንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጋዘን ውስጥ እህል አለ። ዶሮዎች አሉን፤ ለበዓል የምናደልባቸው በጎችም አሉ። ግቢውን የሚጠብቅ አንድ የተኮላሸ ወንድ ውሻ፣ አይጥ የምትይዝልን አንዲት ድመት አለን። ውሻው አርጅቷል፤ ጆሮውም ከብዷል። ክረምት ሲገባ ጅቡም ሌባውም ይበረታልና ዘበኛችን አጋዥ ውሻ ይምጣልኝ ብለዋል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የቀረው የትኛው ውሻ ይምጣ የሚለው ነው።

ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ከገጠር ኃይለኛና ተናካሽ ውሻ ይምጣ የሚል ነው። ሁለተኛው በሠፈራችን የተወለዱትን ሁለት ቡችሎች አንድ ላይ እንውሰድ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አንዲት አባላችን ቤት ለመልቀቅ ስለተዘጋጁ፣ እሳቸው ያሳደጉትን የሁለት ዓመት ወንድ ውሻ እንቀበል የሚል ነው።

በእኛ በኩል፣ ሁለተኛ ውሻ የሚመረጠው በጥርሱ ሳይሆን ቀድመው ግቢው ውስጥ ባሉት ነው እንላለን። ቀድመው ያሉት አሮጌው ውሻ፣ ድመቷ፣ ዶሮዎቹ፣ በጎቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናቶቻቸውን ተከትለው የሚመጡት ልጆቻችን ናቸው። ከእነዚህ ጋር የማይኖር ውሻ ምንም ቢጮህ ለእኛ አይሆንም።

ከተናካሹ እንጀምር። የውሻ ሥራ ዘበኛውን መቀስቀስ ነው፤ የቀረው የዘበኛው ድርሻ ነው። የሚጮህ ውሻ ያስፈልገናል፤ የሚነክስ ውሻ ግን ዕዳ ነው። ይህ የእኛ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሕጉም ይለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2071፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳይታሰብ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስም እንኳ። ማክሰኞ ቁጠባ ልታስገባ የመጣች አባል ብትነከስ፣ የሕክምናዋም የቀረባት የሥራ ቀንም ጥያቄ ወደዚሁ ሣጥን ይመጣል። ደግሞስ በሰው የጨከነ ውሻ ለዶሮና ለድመት ይራራል ብለን እንዴት እንመን?

ወደ ሁለቱ ቡችሎች እንምጣ። ቡችላ ማሳደግ ጥሩ ነው። ውሻ ከሦስተኛው ሳምንቱ እስከ ሦስተኛ ወሩ ድረስ ያየውንና የለመደውን እንደ ቤተሰብ ይቆጥራል፤ በዚያ ዕድሜው ከዶሮና ከድመት ጋር የዋለ ቡችላ አድጎ የማሳደዱ ነገር ይቀንሳል። ነገር ግን ሁለት ወንድማማች አንድ ላይ ሲያድጉ ዓይናቸው እርስ በርስ ይሆንና የሰውን ትእዛዝ መስማት ይከብዳቸዋል። አሮጌው ውሻችንም ሁለት ጎረምሳ ተባብረው ሲገፉት አንድ ጥግ ይዞ ይቀራል። ቡችላ ከሆነ አንድ ይበቃል፤ እሱም ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ።

ከሁለቱ ቡችሎች አንዷ ሴት ናት፤ ይህም ይታሰብበት። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች። ያን ጊዜ የከተማው ወንድ ውሻ ሁሉ አጥራችን ሥር ያድራል፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ቡችሎቹን ለማን እንስጥ እንላለን። ሴት ውሻ አትምጣ ማለታችን አይደለም፤ የምትዘጋበት ቤትና የሚከታተላት ሰው ሳይዘጋጅ አትምጣ ነው የምንለው። ወንዱ ከመጣም፣ ሲያድግ በእንስሳት ሐኪም ይኮላሽ።

ሦስተኛው፣ የአባላችን ውሻ፣ ጠባዩ የታወቀ ነው። በዶሮና በልጅ መካከል ነው ያደገው። ባለቤቷም ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስፈራው ይነግሩናል። እንዲህ ዓይነት መረጃ ገበያ ላይ አይገኝም። እንዲያም ሆኖ እሱንም ሳናይ አንቀበለውም፤ የምናየው ነገር ደግሞ አለ።

አንደኛ፣ ክትባቱን እናያለን። ይህን ከሁሉ የምናስቀድመው በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ከመቶ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። ትልልቆቹ እናቶቻችን፣ የተነከሰ ሰው ለብዙ ቀን ሆዱ ላይ ይወጋ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ።

የክትባቱ ሂሳብ ቀላል ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ አንድ ውሻ አለ፤ እሱም ተከትቧል። ያልተከተበ ሌላ ብናመጣ ከሁለቱ የተከተበው አንዱ ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 50 ይሆናል። ውሻ ጨምረን ጥበቃ ቀነስን ማለት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግረን ጊዜ ይደገማል። «ትንሽ ነው፣ አይታመምም» ማለት አይቻልም፤ ቡችላም ይታመማል።

ሁለተኛ፣ አሮጌውና አዲሱ ከግቢው ውጪ፣ የሁለቱም ባልሆነ ቦታ፣ በገመድ ተይዘው ይተያዩ። አሮጌው ቤቱን ሊከላከል ሳይነሣ ይተዋወቃሉ። ከተስማሙ ጎን ለጎን እየሄዱ ይግቡ። የመብል ዕቃቸው ለየብቻ፣ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአጥንት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አዲሱ ሰው በሌለበት ከዶሮና ከበግ ጋር አይዋል። ድመቷም ውሻ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ትኑራት።

ሦስተኛ፣ ቀለቡ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ካልበላ ወዴት ሄዶ እንደሚጮህ አይታወቅም። የሁላችንም ቤት በሑዳዴ 55 ቀን አጥንት አይወጣበትም። ያን ጊዜ የተራበ ውሻ አጥር ዘሎ ቆሻሻ ሲፈልግ ያድራል፤ ካልታወቀ ውሻ ጋር የሚነካከሰውም ያኔ ነው። ስለዚህ የሁለት ውሻ ቀለብ፣ ጾሙን ጨምሮ፣ የዓመቱ በጀት ውስጥ ይግባ። በዓል ሲመጣ ደግሞ የሚታረደው በግ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ለውሻ አይጣል፤ ይቃጠል ወይም ውሻ በማያወጣው ጉድጓድ ይቀበር። ውሻ ያን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይራባል፤ የትሉ ዕንቁላልም ከኩሱ ተመልሶ ወደ በጉና ወደ ልጆቻችን ይመጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። ውሻ የያዘ ግቢ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቁስሉ ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይኬድ። ጠበሉን መጠጣት ክትባቱን አያስቀርም፤ ሁለቱም ይቻላሉ። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለውና ጤነኛ የሚመስል ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ድምፁ የሰለለ ውሻ ስታዩ ግን «አጥንት አንቆት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ይከበራል። ቀኑ ለሰው የሚሆነውን ክትባት እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ነው። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስቀል በዋለ ማግስት ይውላል። ደመራ ሲታሰብ የውሾቻችን ክትባትም አብሮ ይታሰብ፤ የማይረሳ ቀን ነው።

የሂሳብ ክፍሉ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። የአባላችን ውሻ በመጀመሪያ በእንስሳት ሐኪም ይታይና ይከተብ፤ ከዚያ ከአሮጌው ጋር ተገናኝቶ ጠባዩ ይታይ። ካልተስማሙ ከቡችሎቹ ወንዱ ብቻ ይምጣ። የክትባት፣ የቀለብና የውሻ ቤት ወጪ ለብቻው በአንድ ገጽ ይመዝገብ፤ ክትባቱ የተሰጠበትና የሚደገምበት ቀንም እዚያው ይጻፍ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ዘበኛችን አንድ ወር እንዲታገሡን እንለምናለን።

ድምፁ የእናንተ ነው።