ካርድ ከመዝጋታችን በፊት

ባለፈው እሑድ በሕንፃችን መሰብሰቢያ ክፍል፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነገረ ቃል። ሥራ ላይ ለነበሩ አባሎች እንዲደርስ ከፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ተለጥፏል።



የዛሬው ንግግራችን ስለ ክሬዲት ካርድ ነው። የምንጀምረው ግን ይቅርታ በመጠየቅ ነው። አምና እዚሁ ክፍል ተሰብስበን ስለ ዕዳ ስንነጋገር፣ «የማትጠቀሙበትን ካርድ ሁሉ ዝጉ፣ ሊሚቱንም አስቀንሱ፣ ዕዳ የሌለበት ሰው በሰላም ያድራል» ብለን መክረን ነበር። ምክሩ በቅን ልቡና የተሰጠ ቢሆንም ግማሹ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ስሕተቱም አንድ ወንድማችንን ጎድቷል።

ወንድማችን ታክሲ ነጂ ነው። ሁለት ካርዶች ነበሩት። አንደኛው ሊሚቱ 8,000 ዶላር ሆኖ ዕዳ የለበትም። ሁለተኛው ሊሚቱ 2,000 ዶላር ሲሆን 1,500 ዶላር ዕዳ ነበረበት። የኛን ምክር ሰምቶ ባዶውን ካርድ ዘጋው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለሥራ የምትሆን መኪና አግኝቶ ብድር ቢጠይቅ ነጥቡ ወርዶ ጠበቀው። የተጠየቀው ወለድ ከአቅሙ በላይ ሆነና መኪናዋ ለሌላ ሰው ተሸጠች። «አንድ ወር እንኳ ክፍያ አላሳለፍኩም፣ ታዲያ ምን አጠፋሁ?» እያለ ከአበዳሪው የመጣለትን ደብዳቤ ይዞ መጣ። ደብዳቤው የሰጠው ምክንያት የካርድ ዕዳው ከተፈቀደለት ሊሚት ጋር ሲነጻጸር በዝቷል የሚል ነበር።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መጀመሪያ በሁለቱ ካርዶች የተፈቀደለት በድምሩ 10,000 ዶላር ነው። ዕዳው 1,500 ስለሆነ 15 በመቶ ተጠቅሟል ማለት ነው። ካርዱን ሲዘጋ የቀረው ሊሚት 2,000 ብቻ ሆነ። ያው 1,500 ዕዳ አሁን 75 በመቶ ሆኖ ተቆጠረ። ዕዳው አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ የወረደው ጣሪያው ነው። ካርዱን ሳይዘጋ ሊሚቱን ወደ 1,000 ቢያስቀንስ ኖሮም 50 በመቶ ይደርስበት ነበር።

አበዳሪዎች በብዛት የሚያዩት ፋይኮ የሚባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። ከመቶው 35ቱ በቀኑ ስለመክፈል ነው። 30ው ስላለብን ዕዳ ነው፤ አሁን የሠራነው ሒሳብ እዚህ ውስጥ ይገባል። 15ቱ ብድር ከያዝን ስንት ዓመት እንደሆነን ያያል። የቀረው 20 ለአዲስ ብድርና ለብድር ዓይነት እኩል ይከፈላል።

በእቁብ ዳኛው ሰውየውን ያውቀዋል፣ ዋስም ይጠራለታል። እዚህ አገር ዋሳችን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ዕዳ ጠልተን እንደዘጋነው አያውቅልንም፤ ቁጥሩን ብቻ ያያል።

በስብሰባው ላይ አንዲት እናት «ታዲያ የማልፈልገውን ካርድ ዕድሜ ልኬን ልሸከመው ነው?» ብለው ጠየቁን። የለም እማማ፤ መዝጋት ነውር አይደለም። በሁሉም ካርዶች ላይ ዕዳችን ዜሮ ከሆነ አንዱን ብንዘጋ ይህ ንጽጽር አይበላሽም፤ ዜሮ ከየትኛውም ሊሚት ዜሮ ነው። «የድሮ ካርድ ከተዘጋ ዕድሜው በዚያው ቀን ይጠፋል» የሚባለውም ትክክል አይደለም። በደኅና የተዘጋ ካርድ እስከ 10 ዓመት ድረስ ከመዝገቡ ላይ ይቆያል፣ ፋይኮም እስከዚያው ዕድሜውን ይቆጥረዋል።

እንግዲህ ያለፈውን ምክራችንን በሚከተለው አርመነዋል።

አንደኛ፣ የቤት ወይም የመኪና ብድር ለመጠየቅ ያሰበ ሰው ብድሩ እስኪያልቅለት ድረስ ካርድ አይዝጋ፣ ሊሚትም አያስቀንስ።

ሁለተኛ፣ መዝጋት የግድ ከሆነ በቅድሚያ የሌሎቹን ካርዶች ዕዳ እናቃል። ከዚያም እንደወንድማችን ሒሳቡን በወረቀት እንሥራ።

ሦስተኛ፣ ካርዱ ዓመታዊ ክፍያ ካለው ክፍያ ወደሌለው ካርድ እንዲለውጡልን ባንኩን እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ።

አራተኛ፣ ሥራ የፈታ ካርድ ባንኩ ራሱ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ትንሽ ነገር ገዝተንበት በቀኑ እንክፈል። ባንክ ሳንጠይቀው ሊሚት የሚቀንስበትም ጊዜ አለ። በፈረንጆች 2008 በገንዘቡ ቀውስ፣ በ2020ም በኮሮና ጊዜ ብዙ ሰው ደርሶበታል። ይህ ከደረሰብን ስልክ ደውለን ምክንያቱን እንጠይቅ፣ ዕዳውንም ዝቅ እናድርግ።

አምስተኛ፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የያዙብንን መዝገብ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። የሌለ ዕዳ ተጽፎብን ብናገኝ አቤት የማለት መብት አለን።

ነገር ግን ካርዱ በእጁ ሲኖር ገንዘብ አላግባብ የሚያስወጣው ሰው ካለ ይዝጋው እንላለን። ነጥብ ተመልሶ ይወጣል፤ በትልቅ ወለድ የሚያድግ ዕዳ ግን ቤት ያፈርሳል።

ወንድማችን ያንን 1,500 ዕዳ በሦስት ወር ውስጥ ወደ 200 አወረደው። 200 ከ2,000 ሲታይ 10 በመቶ ነው። ነጥቡም ተመለሰለት፤ በአብዛኛው ይህ ሒሳብ የሚታየው በቅርቡ በተላከው ቁጥር ነውና። ያቺ መኪና ግን አልተመለሰችም። ስለዚህ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ እሱም «ለሌላው ትምህርት ከሆነ ይበቃኛል» ብሎ ይቅር ብሎናል።

ደብዳቤ መጥቶለት ያልገባው ሰው ቢኖር እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዞ ይምጣ፤ ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ያነባሉ፣ እኛ ሒሳቡን እንሠራለን። የማናውቀውን ግን ከእንግዲህ በግምት አንመክርም።

በቸር ያገናኘን።

የማኅበሩ ጸሐፊ